የቆመ ውሃ ግድግዳን ስለሚገፋበት ኃይል



ውሃ በሚፈስበት ጊዜ ኃይል እንዳለው የማያውቅ የለም። ጐርፍ ድልድይ ሲያፈርስ፥ ወንዝ ከብት ሲወስድ፥ የቦይ ውሃ የወፍጮ ድንጋይ ሲያዞር ሰው ሁሉ በዓይኑ ያያልና። ዳሩ ግን በኩሬ ውስጥ ዝም ብሎ የተኛው ውሃ ደግሞ ሌሊትና ቀን ሳያርፍ ግድግዳውን እንደሚገፋ የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአባቶች ተረት ለወራጅ ውሃ ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ነገሩን ለመረመረ ሰው ግን ለቆመ ውሃ ይልቁን ይስማማዋል። ወራጅ ውሃ በድምፁ ያስጠነቅቃል፤ የቆመ ውሃ ግን ድምፅ የለውም።

በመንደር ኩሬ ለማስቈፈር፥ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ለማስገንባት፥ ወይም ትንሽ ወንዝ ለመገደብ ምክር በተደረገ ጊዜ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው መምህሩንና ሽማግሌውን ነው። ግንበኛውም የሚያውቀው ቤት መሥራት ስለ ሆነ ለቤት የሚበቃውን ግድግዳ ለውሃም ይበቃል ብሎ ይጀምራል። ለቤት የሚበቃ ግድግዳ ግን ለውሃ አይበቃም። የቤት ግድግዳ ሸክሙ ከላይ ወደ ታች የሚጫነው ነው፤ የውሃ ግድግዳ ግን ከጐኑ ይገፋል። ይህ ንግግር የተዘጋጀው ያ የጐን ግፊት በምን ልክ እንደሚቈጠርና በየትኛው ስፍራ እንደሚያርፍ፥ ሳይቈጠር በቀረ ጊዜም ምን ጥፋት እንዳስከተለ ለመግለጥ ነው።

መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ውሃ በጠለቀ መጠን ግፊቱ እየበረታ መሄዱ ነው። ይህንን መምህሩ በአንድ ባዶ ጣሳ ለተማሪዎቹ ሊያሳያቸው ይችላል። ረዘም ያለ ጣሳ ወስዶ በአንድ ጐኑ ላይ፥ አንዱን ከላይ፥ አንዱን ከመካከል፥ አንዱን ከታች አድርጎ፥ ሦስት ቀዳዳ በአንድ ሚስማር ይበሳል፤ ቀዳዳዎቹንም በሰም ደፍኖ ጣሳውን ውሃ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ሰሙን ሁሉ ባንድነት ቢያነሣ፥ ከላይኛው ቀዳዳ ውሃው በድካም ሲወርድ ከታችኛው ግን በብርቱ ሲወረወር ይታያል።

በዚህ ስፍራ መምህሩ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። በአንዳንድ የትምህርት መጻሕፍት ሥዕል ላይ ጣሳው በመሬት ተቀምጦ የታችኛው ቀዳዳ ውሃ ከሁሉ ርቆ ሲወድቅ ይታያል። ይህ ስሕተት ነው። ጣሳው በመሬት ላይ እንደ ሆነ ከሁሉ ርቆ የሚወድቀው የመካከለኛው ቀዳዳ ውሃ ነው፤ የታችኛው ምንም እንኳ ከሁሉ ፈጥኖ ቢወጣ፥ መሬቱ ቅርቡ ስለ ሆነ ርቆ ሳይሄድ ይወድቃል። ይህንን ያላወቀ መምህር በተማሪዎቹ ፊት ያፍራል፤ ተማሪዎቹም ትምህርቱን ሐሰት ይሉታል። ስለዚህ ጣሳው ቢያንስ የራሱን ቍመት በሚያህል በርጩማ ላይ ይቀመጥ፤ ውሃውም እንዳይጐድል ከላይ እየተጨመረ ይቈይ። ያን ጊዜ የታችኛው ከሁሉ ርቆ ሲወድቅ ሕፃናቱ ያያሉ።

ሁለተኛው ነገር ውሃ የሚገፋው ወደ ታች ብቻ አለመሆኑ ነው። በጣሳው ዙሪያ በአንድ ልክ ከፍታ ብዙ ቀዳዳ ቢበሳ ውሃው ከሁሉም በእኩል ብርታት ይወጣል። ደግሞ ባዶ ጣሳ አፉን ወደ ላይ እንዳደረገ በገንዳ ውሃ ውስጥ ቢጫኑት እጅን ወደ ላይ ይመልሳል፤ በመቀመጫውም ቀዳዳ ያለበት እንደ ሆነ ውሃው በዚያ ቀዳዳ እንደ ምንጭ ወደ ላይ ይፈልቃል። እንግዲህ በአንድ ጥልቀት ያለ ውሃ ወደ ታችም፥ ወደ ጐንም፥ ወደ ላይም በአንድ ልክ ይገፋል። ወደ ላይ መግፋቱ ዛሬ እንደ ጨዋታ ቢታይም የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበት ምሥጢር በዚሁ ውስጥ ስለ ሆነ ኋላ ይነገራል።

ሦስተኛው ነገር ለሰው ልብ አስቸጋሪ ነው። ይኸውም ግፊቱ የሚለካው በውሃው ጥልቀት እንጂ በውሃው ብዛት አይደለም። ይህንን በግልጥ የጻፈው በብሩዥ ከተማ የተወለደው የፍላንደርስ ሊቅ ሲሞን ስቴቪን ነው፤ መጽሐፉም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1586 ዓመት ታተመ። ከእርሱም በኋላ ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ነገሩን በሰፊው መርምሮ ጻፈ፤ እርሱ በ1662 ካረፈ በኋላ መጽሐፉ በ1663 ታተመ። በፓስካል ስም ከሚተረከው አንዱ ይህ ነው፤ ውሃ ሞልቶ በተከደነ በርሜል ላይ እጅግ ቀጭንና ረጅም ቧንቧ አቁሞ ከላይ ጥቂት ውሃ ቢጨምርበት በርሜሉ ተሰነጠቀ ይባላል። ታሪኩ እንደ ተተረከው ሆነም አልሆነም ምክንያቱ እውነት ነው። የቧንቧው ቍመት 10 ሜትር ቢሆን፥ ቧንቧውን የሚሞላው ውሃ አንድ እንስራ እንኳ ባይሞላ፥ የጣት ጥፍር በምታህል ቦታ፥ ማለት በየጐኑ 1 ሳንቲ ሜትር በሆነች ስፍራ ሁሉ ላይ 1 ኪሎ ያህል ግፊት ይጨመራል።

ከዚህ የተነሣ ከግድግዳ ኋላ ያለው ውሃ ወደ ኋላ አንድ ክንድ ቢሰፋ ወይም ሺህ ክንድ ቢሰፋ፥ ጥልቀቱ አንድ ከሆነ ግድግዳውን የሚገፋው ኃይል አንድ ነው። «ይህ ኩሬ ጠባብ ነውና ቀጭን ግድግዳ ይበቃዋል» የሚል ሰው ስለዚህ ይሳሳታል። የውሃው ብዛት የሚያስፈራው ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያጥለቀልቀው ብዛቱ ነውና።

አሁን ወደ ቍጥሩ መሄድ ይገባል። ቍመቱም ወርዱም ርዝመቱም 1 ሜትር የሆነ ሣጥን ውሃ ቢሞላ ውሃው 1000 ኪሎ፥ ማለት 10 ኩንታል ይመዝናል። ስለዚህ በ1 ሜትር ጥልቀት እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 10 ኩንታል ይገፋዋል፤ በ2 ሜትር 20 ኩንታል፥ በ3 ሜትር 30 ኩንታል፥ እንዲህ እያለ ይጨምራል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ቍመቱ 145 ሜትር ነው፤ ውሃው 100 ሜትር በጠለቀበት ስፍራ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር የሚገፋው 1000 ኩንታል ነው። የግድቡ ግርጌ ከጫፉ እጅግ የሰፋው ስለዚህ ነው።

ወደ መንደሩ ኩሬ እንመለስ ለሚል ሰው ምሳሌው ይህ ነው። ቍመቱ 2 ሜትር የሆነ ግድግዳ እስከ ጫፉ ውሃ ቢሞላበት፥ ከላይ በውሃው ፊት ግፊቱ ምንም ነው፤ ከግርጌው ግን በካሬ ሜትር 20 ኩንታል ነው። የሁለቱ አማካይ 10 ኩንታል ይሆናል። ከግድግዳው ርዝመት 1 ሜትር ብቻ ቢወሰድ ስፋቱ 2 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ይህንን አንድ ሜትር ርዝመት ውሃው በጠቅላላው በ20 ኩንታል ኃይል ይገፋዋል። ግድግዳው 10 ሜትር ቢረዝም 200 ኩንታል ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ደንብ ለማንኛውም ውሃ ውስጥ ለተቀመጠ ጠፍጣፋ ነገር ሁሉ ይሠራል። የጠፍጣፋው መካከል ከውሃው ፊት ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ ይለካል፤ ያም በስፋቱ ተባዝቶ ዳግመኛ በ10 ኩንታል ይባዛል። በየጐኑ 1 ሜትር የሆነ የቦይ መዝጊያ ላይኛው ጠርዙ 3 ሜትር ቢጠልቅ፥ መካከሉ 3 ሜትር ተኩል ይጠልቃልና 35 ኩንታል ይገፋዋል። ሰው መዝጊያውን በእጁ ስቦ ማንሣት የሚያቅተው በመዝጊያው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ውሃው ከመቃኑ ጋር አጣብቆ ስለሚይዘው ነው።

ኃይሉ በየትኛው ስፍራ ያርፋል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ መልሱ በመካከል አይደለም። ግፊቱ ከላይ የሳሳ ከታችም የወፈረ ስለ ሆነ መልኩ እንደ ሽብልቅ ነው። ሽብልቅን በጣት ላይ አጋድሞ ሚዛኑን የሚፈልግ ሰው ጣቱን ወደ ወፍራሙ ጫፍ ማስጠጋት እንዳለበት ያውቃል። እንዲሁም እስከ ጫፉ ውሃ የሞላበት ቀጥ ያለ ግድግዳ ኃይሉ የሚያርፍበት ከግርጌው እጅ በሢሶው ቍመት ላይ ነው፤ 2 ሜትር በሆነው ግድግዳ ከግርጌው 67 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ነው። እንግዲህ ውሃው 20 ኩንታሉን በ67 ሳንቲ ሜትር መፈንቅል ይዞ ግድግዳውን ለመገልበጥ ይታገላል፤ ሁለቱ ሲባዙ 13 ነጥብ 3 ይሆናል።

ግድግዳውስ በምን ይከላከላል? በክብደቱ ነው። ለቤት እንደሚሠራው ወርዱ ግማሽ ሜትር የሆነ የድንጋይ ግድግዳ ቢሆን፥ አንድ ሜትር ኩብ ግንብ 22 ኩንታል ያህል ስለሚመዝን፥ የ1 ሜትር ርዝመቱ ክብደት 22 ኩንታል ነው። ክብደቱም የሚያርፈው በወርዱ መካከል፥ ማለት ግድግዳው ከሚገለበጥበት ጠርዝ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 5 ነጥብ 5 ብቻ ይሆናል። አሥራ ሦስት የሚታገለውን አምስት አይመልሰውም። ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ቢደረግ ደግሞ 14 ይሆናል፤ ይህ ለጥቂት የበለጠ ቢመስልም ከግርጌው ጥቂት ውሃ የገባ እንደ ሆነ ይሸነፋል። ጭቃው ወይም ሲሚንቶው ይይዘዋል ብሎ መተማመንም አይገባም፤ አንድ ስንጥቅ ከታየ መያዙ ቀርቷልና።

ከሁሉ በላይ ሽማግሎች በልባቸው ሊጽፉት የሚገባ ቃል ይህ ነው፤ ጥልቀቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ የሚገፋው ኃይል 4 እጥፍ፥ ለመገልበጥ ያለው ብርታት ደግሞ 8 እጥፍ ይሆናል። ባለ 2 ሜትሩ ግድግዳ 4 ሜትር ቢደረግ ኃይሉ ከ20 ወደ 80 ኩንታል ይወጣል፤ የሚያርፍበትም ስፍራ ከፍታው እጥፍ ይሆናልና። «ዘንድሮ ውሃው አልበቃንም፤ በግድግዳው ላይ ትንሽ እንጨምርበት» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። ጫፉን ጨምሮ ግርጌውን እንደ ነበረ መተው ከሁሉ የከፋ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ቍጥር እንዳይመስል በፈረንሳይ አገር የሆነውን ማስታወስ ይገባል። በኤፒናል ከተማ አጠገብ ቡዜ በተባለ መንደር ለመርከብ መሄጃ ቦይ ውሃ የሚሰጥ የድንጋይ ግድብ በ1880 ዓመት ገደማ ተሠርቶ ነበር። ቍመቱ ከመሠረቱ 22 ሜትር ያህል ነበረ። የሠሩት ሰዎች ያልተማሩ አልነበሩም፤ ውሃው ከጐን የሚገፋበትን ኃይል ቈጥረዋል። ነገር ግን ውሃ በስንጥቅና በመሠረት ገብቶ ግንቡን ወደ ላይ እንደሚያነሣው አልቈጠሩም ነበር። በ1884 ዓመት የግድቡ አንድ ክፍል የሜትር ሢሶ ያህል ወደ ፊት ተንሸራተተ። ይህ ማስጠንቀቂያ ነበረ። በ1888 እና በ1889 ዓመት ግርጌውን አጸኑት፤ ላይኛውን ክፍል ግን ቀጭን እንደ ሆነ ተዉት፤ ውሃውንም መልሰው ሞሉት።

በ1895 ዓመት ሚያዝያ ወር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር አፕሪል 27 ቀን፥ ማለት ከዐድዋ ድል 10 ወር ያህል አስቀድሞ፥ በማለዳ ግድቡ ተሰበረ። የተሰበረው በጸናው ግርጌ ሳይሆን ከጫፉ ወደ 10 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው፤ ርዝመቱ 180 ሜትር ያህል የሆነው ላይኛው ክፍል ባንድነት ተገልብጦ ወደቀ። ውሃውም በሸለቆው ወርዶ መንደሮችን ጠረገ፤ ከ80 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በዚያ በ10 ሜትር ጥልቀት እያንዳንዱን የግድብ ሜትር የሚገፋው ኃይል 500 ኩንታል መሆኑን ከላይ በተነገረው ደንብ ማንም ተማሪ ሊያገኘው ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ውሃው ግንቡን ሲገፋ በውሃው በኩል ያለው ፊት እንደ መነሣት ይላል፤ በዚያ ፊት ጠባብ ስንጥቅ ይከፈታል። በስንጥቁ የገባው ውሃ፥ በቀዳዳው ጣሳ እንደ ታየው፥ ወደ ላይ ይገፋል። ወደ ላይ ሲገፋ ግንቡ ከክብደቱ የተነሣለት ያህል ይቀላል፤ ሲቀል የበለጠ ይነሣል፤ ሲነሣ ስንጥቁ ይሰፋል፤ ስንጥቁ ሲሰፋ የሚገባው ውሃ ይበዛል። እንዲህ እያለ ድምፅ ሳያሰማ ፍጻሜው ይደርሳል። ከዚያ ጥፋት በኋላ በዚያው ዓመት ሞሪስ ሌቪ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ደንብ አቀረበ፤ ይኸውም ግንቡ በውሃው በኩል ባለው ፊቱ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚጫንበት ግፊት በዚያ ስፍራ ካለው የውሃ ግፊት እንዳያንስ ነው። ግንቡ ከውሃው ይልቅ ራሱን አጥብቆ ከጨመቀ ስንጥቅ አይከፈትም፤ ውሃም መግቢያ አያገኝም ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በግድብ ውስጥና በመሠረቱ የገባውን ውሃ እየሰበሰበ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀዳዳና ዋሻ ማበጀት በመሐንዲሶች ዘንድ እየተለመደ ሄደ። የሰማንያ ሰው ደም ያስተማረውን ትምህርት ሌላ መንደር በራሱ ደም እንደገና መማር የለበትም።

ከዚህ የተነሣ ለመንደር የሚጠቅመው ምክር በአጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፤ የውሃ ግድግዳ ግርጌው ከጫፉ ይሰፋ ዘንድ ይገባል። በውሃው በኩል ያለው ፊት ጋደል ብሎ ቢሠራ ውሃው በላዩ ተጭኖ ግድግዳውን ወደ መሬት ይይዘዋል፤ ጠላት የነበረው ክብደት ረዳት ይሆናል። በውጭ አገር ከእንጨት የሚሠሩት ታላላቅ የውሃ ጋኖች የብረት ቀለበታቸው ከላይ ራቅ ራቅ፥ ከታች ቀረብ ቀረብ ብሎ የሚታሰረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፤ መሠረቱ በአሸዋና በልቅ አፈር ላይ አይጣል። ውሃ ከሥር የሚሰርግበት ግድግዳ ግማሽ ክብደቱን እንደ ተሰረቀ ይቈጠራል። ሦስተኛ፤ በዝናብ ጊዜ የተረፈው ውሃ ግድግዳውን ሳያልፍ በሌላ በኩል የሚወጣበት መፍሰሻ አስቀድሞ ይበጅ፤ ውሃው ከታሰበለት ጥልቀት እንዳያልፍ የሚጠብቀው እርሱ ነውና። አራተኛ፤ ኩሬ በሌለበት ስፍራ እንኳ ትምህርት ቤት በዳገት ላይ ሲሠራ አፈር የሚደግፈው የድንጋይ ካብ በኖራ ወይም በሲሚንቶ ከተደፈነ ከግርጌው የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይተውለት። በክረምት በካቡና በአፈሩ መካከል የሚቆመው ውሃ ወርዱ አንድ ጣት ቢሆን እንኳ እንደ ባሕር ይገፋልና።

አምስተኛ፤ ማንኛውም የውሃ ግድግዳ ከሰው ቍመት የሚበልጥ እንደ ሆነ፥ ወይም ከግርጌው ቤት፥ ትምህርት ቤት ወይም መንገድ ያለበት እንደ ሆነ፥ ያለ መሐንዲስ አይሠራ። በዚህ ንግግር የተሰጠው ቍጥር መሐንዲሱን ለመተካት ሳይሆን መሐንዲስ የሚያስፈልግበትን ጊዜ ለማወቅ ነው። የተሠራውም ግድግዳ በየወሩ ይጐብኝ፤ አዲስ ስንጥቅ፥ ከግርጌው የሚፈልቅ ውሃ፥ ወደ ፊት ጋደል ማለት ከታየ ሳይውል ሳያድር ውሃው ይቀነስ፤ ከበታቹ የሚኖሩ ሰዎችም ይነሡ። የቡዜ ግድብ ከመውደቁ 11 ዓመት አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው የሰማው ግን አልተገኘም።

ተማሪ ቤት የሚማረው ሕፃን ዛሬ ጣሳ በሚስማር ሲበሳ የሚጫወት ይመስላል። ነገ ግን አድጎ የመንደሩ ሽማግሌ ወይም ግንበኛ ይሆናል፤ በኩሬው ዳር ቆሞ «ይህ ግድግዳ ይበቃል?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ጥልቀቱን ለክቶ፥ በስፋቱ አባዝቶ፥ በኩንታል ቈጥሮ ይመልሳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ መምህሩ ዛሬ በአንድ ጣሳ ውሃ የሚያሳየው ነገር ነገ ብዙ ነፍስ ያድናል። እግዚአብሔር የመምህራንን ድካምና የሽማግሎችን ምክር ይባርክ።